መወርወሪያው ያለበት በኩል

በዚያ ክረምት ጨጎማ ላይ ዝናብ የዘነበው በአየር ጠባይ መመልከቻው አጥር ውስጥ ብቻ ነው። አጥሩ ዐሥር ሜትር በዐሥር ሜትር የሆነ የሽቦ አጥር ነው። ከሽቦው ወዲህ ጭቃ፣ ከሽቦው ወዲያ አቧራ። ደመናው ትንሽ ነው፤ ጠዋት ከምሥራቅ በኩል ብቻውን ይመጣል፣ አጥሩ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ የያዘውን አራግፎ ይሄዳል። መንገድ ላይ አንዲት ጠብታ አይጥልም።

ይህን ከሁሉ በፊት ያየችው አትጠገብ ናት። አትጠገብ የምርምር ጣቢያው ተመልካች ናት። ሥራዋ በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አጥሩ ውስጥ ገብታ የዝናብ መለኪያውን፣ ነጩ ሳጥን ውስጥ ያሉትን ቴርሞሜትሮችና የነፋስ መለኪያውን አንብባ ለዋናው መሥሪያ ቤት በስልክ መናገር ነው። ጣቢያው ሲከፈት የተቀጠረች ናት፤ ሕመም፣ ሠርግ፣ ለቅሶ አታውቅም። የእናቷ ቀብር ዕለት እንኳ አንብባ ነው የሄደችው። ለዚህ እስከ ዛሬ የሚያሟት አሉ፤ እሷ ግን ሬሳው እስከ ስድስት ሰዓት ይቆያል፣ ዝናቡ ግን ይተናል ባይ ናት።

የመጀመሪያውን ቀን አጋጣሚ ነው አለች። በማግስቱ ጃንጥላዋን የአጥሩን በር ስትገባ ዘረጋችው፣ ስትወጣ አጠፈችው። ከዚያ በኋላ በሩ ላይ ሰቅላ ተወችው። ሌላ ቦታ የሚያስፈልግበት ምክንያት አልነበረም።

ስልኩን መለኪያው አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ እጇ እርጥብ ስለሆነ ድምፁን ከፍታ ነው የምታወራው።

"ሃያ ሁለት ሚሊሜትር" አለች።

"እሰይ!" አለች ቤዛዊት። ቤዛዊት ዋናው መሥሪያ ቤት ቁጭ ብላ ከየጣቢያው መረጃ የምትቀበል ልጅ ናት። ድምፅዋ ማር ነው፤ ተቆጥታ አታውቅም። "ጥሩ ክረምት ይዟችኋል እትዬ አትጠገብ።"

"አልያዘንም። ከአጥሩ ውጭ አልዘነበም።"

"አጥሩ ውስጥ ግን ዘንቧል?"

"ዘንቧል።"

"እንግዲያው ሃያ ሁለት ነው። መዝግቤያለሁ።"

"ልጄ፣ ስሚኝማ። አገሩ ደርቋል እያልኩሽ ነው።"

"አገሩ ላይ መለኪያ አለ እንዴ እትዬ?"

"የለም።"

"እሺ፣ መልካም ቀን ይሁንልዎ።"

አትጠገብ ስልኩን ዘጋች። ያልዘነበውን ዘነበ፣ የዘነበውን አልዘነበም ማለት አይሆንላትም፤ ሃያ ሁለት ሃያ ሁለት ነው። ያም ሆኖ በጣም ተናደደች።

የሚያናድዳት ነገር ከሽቦው ማዶ ነበር። ከአጥሩ ጋር የሚዋሰነው ማሳ የታናሽ ወንድሟ የይርጋ ነው። ይርጋ ካቻምና ሰብሉን ተምች በላበት፣ አምና በረዶ መታበት። ዘንድሮ የቀረችውን ጤፍ ዘርቶ ሰማይ ሰማይ ያያል። ይቺም ካልበቀለች ልጆቹን ይዞ አገር ለቆ እንደሚሄድ ተናግሯል፤ ይርጋ ደግሞ የተናገረውን የሚያደርግ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ማሳው ዳር ይቀመጥና አንድ ክንድ ከማይሞላ ርቀት ላይ እህቱ በዝናብ ስትበሰብስ ያያታል።

"ዛሬስ ስንት ዘነበ?" ይላታል።

"ተወኝ ይርጋ።"

"ለማወቅ ያህል ነው እታለም።"

ውሃውን ለማውጣት ያልተሞከረ ነገር የለም። የሰፈሩ ሰው ጄሪካን ይዞ ገብቶ ቀዳ፤ በሩን ሲያልፉ ጄሪካኑ ይቀልላል፣ ውጭ ሲደርሱ ባዶ ነው። ቦይ ተቀደደ፤ ውሃው ሽቦው ሥር ደርሶ ተመለሰ። አትጠገብ ለምለሙን ሣር አጭዳ ለይርጋ በሬዎች ስታወጣላቸው እጇ ላይ ድርቆሽ ሆነ። በሬዎቹ በሉት፤ እነሱ ምን ገዷቸው።

በዚህ መሀል ሬዲዮው፣ ጨጎማና አካባቢው ከመደበኛው በላይ ዝናብ እንዳገኙ ተናገረ። ገበሬዎች ከጎርፍ እንዲጠነቀቁም መከረ። የሰፈሩ ሽማግሌ አያ ደመላሽ ይህን በሰሙ ማግስት ወረዳ ሄደው ድርቅ ገብቷልና ድረሱልን አሉ። የወረዳው ሰውዬ ቁጥሩን አሳያቸውና እያሾፉብኝ ነው ወይ አላቸው። አያ ደመላሽ ተመልሰው የመጡት በቀጥታ ወደ አጥሩ ነው።

"አትጠገብ፣ ይኼን ቁጥር የምትሰጪው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ አያ።"

"ከኛ ጋር ምን አለሽ?"

እቤቷ ገብታ አለቀሰች፤ ጠዋት ቁጥሩን ስትናገር ተቆጣጣሪ እንዲላክ ጠየቀች። በማግስቱም ጠየቀች። በየቀኑ ከቁጥሩ በኋላ እየጠየቀች ቤዛዊትን ብታሰለች ኖሮ ደስ ይላት ነበር፤ ቤዛዊት ግን አትሰለችም።

ተቆጣጣሪው በመጨረሻ መጣ። አቶ ፍሬሰንበት ይባላል፤ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ጃንጥላዋን ከበሩ ላይ ወስዶ ገባ፣ መለኪያውን መረመረ፣ ቱንቢ ጥሎ ዘንበል አለማለቱን አየ፣ ወጣና ጃንጥላውን መልሶ ሰቀለው።

"መሣሪያው ልክ ነው" አለ።

"እኔ መሣሪያውን አልከሰስኩም።"

"ታዲያ ለምን አስጠሩኝ ወይዘሮ አትጠገብ?"

"እስቲ ዙሪያዎን ይመልከቱ።"

ዙሪያውን ተመለከተ። የይርጋን ማሳ አየ፣ የተሰነጠቀውን መንገድ አየ፣ ጥላ ሥር የሚያለከልከውን ውሻ አየ።

"ደረቅ ነው" አለ።

"እሱን ነው የምለው!"

"ገባኝ። ግን እኛ ያለን ጣቢያ ነው፤ ጣቢያ ማለት ደግሞ አጥሩ ውስጥ ያለው ነው። ከአጥሩ ውጭ ያለው እኛን አይመለከትም።" መኪናው ውስጥ ከገባ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። "ሣሩ ግን ረዝሟል፤ ይታጨድ። ደንቡ አጭር ሣር ነው።"

አትጠገብ የመኪናውን አቧራ ስታይ ቆየችና ሽቦውን መንቀል ጀመረች። ጣቢያ ማለት አጥሩ ውስጥ ያለው ከሆነ፣ አጥሩን ማስፋት ነው። ይርጋ ቋሚዎቹን ተከለላት፤ አጥሩን በማሳው በኩል አንድ ጥማድ ያህል አስገቡት። በማግስቱ ደመናው ያንኑ ያህል ሰፍቶ መጣ። ጤፉ በሳምንቱ አቆጠቆጠ፤ የማሳው ግማሽ አረንጓዴ፣ ግማሽ ቀይ አፈር፣ መሀሉ ላይ ሽቦ።

ይህን ያየ ሰው ዝም አይልም።

"የሥጋ ዘመድሽን አስገብተሽ እኛን በውጭ ልታስቀሪን ነው?" አሉ አያ ደመላሽ።

"ሽቦ አምጡና እናስፋው።"

ሽቦ የለም። እሾህ አመጡ፣ አጋም ቆረጡ፣ ድንጋይ ካቡ፤ ዝናቡ አላወቃቸውም። የሚያውቀው ሽቦውን ብቻ ነው። ስለዚህ ያለውን ሽቦ ወደየራሳቸው መጎተት ጀመሩ። ጠዋት የይርጋን ማሳ ያቀፈው አጥር ከሰዓት የአያ ደመላሽን ሽምብራ ያቅፋል፤ በማግስቱ ሄዶ ሄዶ አንድ የአህያ በረት ብቻ ከቦ ይገኛል። አህዮቹ በሰበሱ። ሁለት ጎረቤታሞች በዱላ ተፈነካከቱ። አትጠገብ ሁሉንም ሰድባ፣ ሽቦውን ጠቅልላ፣ እንደ ድሮው ዐሥር በዐሥር አድርጋ አጠረችው። የይርጋ ለጋ ጤፍ ውጭ ቀረ።

"እህትነትሽ ይኸው ነው?" አላት ይርጋ።

"ይኸው ነው።"

እቤቷ ገብታ በሩን ዘጋችና መወርወሪያውን ወረወረችበት። ሊለምናት የመጣ፣ ሊሰድባት የመጣ፣ ሁሉም እየመጣ አንኳኳ። "ቤቶች!" ይላል። አትጠገብ አትመልስም። በንዴት እየተንገበገበች በር በሩን ስታይ ዓይኗ መወርወሪያው ላይ አረፈ። የወይራ መወርወሪያ ነው፣ ከአባቷ ቤት የመጣ። ሰው ቤቱን ከደጅ ሆኖ አይወረውርም። የሚወረውረው ውስጥ ያለው ነው፤ የሚያንኳኳው ውጭ ያለው። የጣቢያው በር ግን መወርወሪያ የለውም፤ በውጭ በኩል ጓጉንቸር ቁልፍ ነው ያለው፣ እንደ መጋዘን።

ተነሥታ መወርወሪያውን ከነማቀፊያው ነቀለችው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ቁልፉን አውልቃ ኪሷ ከታ፣ ማቀፊያውን ከጣቢያው በር በማሳው በኩል ቸንክራ ጨረሰች። ይርጋንና አያ ደመላሽን አስጠራች።

"እኔ ገብቼ ላንብብ" አለች። "አንተ ከዚህ በኩል ወርውርበት።"

"ከውጭ?" አለ ይርጋ።

"መወርወሪያው ያለበት ውስጥ ነው። ቤትህን ከደጅ ሆነህ ወርውረህ ታውቃለህ?"

ይርጋ አሰበ። "አላውቅም።"

"እንግዲያው ወርውር።"

"አንቺ ለምን ትገቢያለሽ ታዲያ?"

"ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው፤ ማን ያንብብልኝ?"

ገባች። ይርጋ ወረወረ።

ደመናው በሰዓቱ መጣ። አጥሩ ላይ ደረሰ፣ ቆመ፣ የሰው ቤት ተሳስቶ እንደገባ እንግዳ ትንሽ ወላወለ። ከዚያ ሰፋ። እስከ ተራራው ድረስ ሰፋና ጨጎማ ላይ በሙሉ ወረደ። ሴቶቹ እልል አሉ። አያ ደመላሽ ቆባቸውን አውልቀው መላጣቸውን ሰጡት። ይርጋ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ አለቀሰ። አጥሩ ውስጥ ጠብታ አልወደቀም፤ ዝናቡ በአራቱም ማዕዘን እንደ ግድግዳ ቆመ፤ አትጠገብ መሀል ላይ በደረቅ ነጠላዋ ቆማ ከልቧ ሳቀች። በዚያ ክረምት ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

አንብባ ደወለች።

"ዜሮ" አለች።

"ዜሮ?" አለች ቤዛዊት። "ውይ! ድርቅ ገባባችሁ።"

"የምን ድርቅ! ከአጥሩ ውጭ አገር ምድሩ እየዘነበ ነው።"

"አጥሩ ውስጥስ?"

"አልዘነበም አልኩሽ።"

"እንግዲያው ዜሮ ነው። መዝግቤያለሁ።"

አትጠገብ ጥርሷን ነክሳ ወደ በሩ ሄደች። "ክፈትልኝ ይርጋ።"

ይርጋ መወርወሪያውን ግማሽ ድረስ ሳበው። ዝናቡ እስከ ተራራው ድረስ ሳሳ፣ አጥሩ ውስጥም ማካፋት ጀመረ። ይርጋ መልሶ ወረወረው፤ ዝናቡ እንደገና ወፈረ። ሁሉም አይቷል።

"እታለም" አለ ይርጋ፤ "ጤፉ እስኪይዝ ብቻ።"

አትጠገብ ወንድሟን አየችው። ከአገጩ ውሃ ይንጠባጠባል፤ እንዲህ ደስ ብሎት አይታው አታውቅም።

"እስኪይዝ ብቻ" አለች።

ጤፉ ያዘ። ከዚያ ዛላ እስኪያወጣ ብቻ አሏት፤ ከዚያ እስኪያሸት። ምግቧን በሽቦው አናት ላይ ያቀብሏታል፤ እንጀራው በነሱ በኩል ሲመጣ በስብሶ፣ በሷ በኩል ሲደርስ ደርቆ ነው። አጎዛ አቀበሏት፤ በነጩ ሳጥን ጥላ ሥር አንጥፋ ትተኛለች። ስልኳን ይርጋ እየወሰደ ያስሞላላታል። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሁሉ እየመጣ ሲመርቃት ይውል ነበር። በኋላ ሥራ በዛባቸው፤ አረሙም በዝቷል። "ደኅና ነሽ?" ብለው ያልፋሉ። ደኅና አይደለሁም ስትል ዝናቡ ስለሚጮህ አይሰሙም፤ ወይም እንዳልሰሙ መምሰሉን ወደዱት።

ዜሮው በተደጋገመ ቁጥር ሬዲዮው፣ ጨጎማ በድርቅ ተመታች አለ። እርዳታ የጫኑ መኪኖች ተልከው ወንዙ ጋ ሲደርሱ ጭቃ ዋጣቸው። ሾፌሮቹ ሱሪያቸውን ጠቅልለው በእግር መጡና ድርቅ የመታው የቱ ጋ ነው አሉ። ሰው ሁሉ ወደ አጥሩ ጠቆመ። አንዱ ሾፌር ስንዴውን በትከሻው ተሸክሞ መጣ።

"ተጎጂዋ እርስዎ ነዎት?"

"ይመስለኛል" አለች አትጠገብ።

ከረጢቱን በሽቦው ላይ ወርውሮላት ሄደ።

መስከረም አለቀ። ጤፉ ወገብ ድረስ ደርሶ ወርቅ መሰለ፤ ሽማግሌዎቹ እንዲህ ያለ ጤፍ አላየንም አሉ። የቀረው ፀሐይ ነው። ክረምቱ ሲወጣ በራሱ ያቆማል ብለው መወርወሪያውን አልነኩትም። ዝናቡ ግን አልቆመም። ጥቅምት ገባ፣ አልቆመም። ጤፉ ተኛ፤ ከሥሩ መጥቆር ጀመረ፤ አንዳንዱ ዛላው ላይ እንዳለ በቀለ። አንድ ጠዋት ይርጋ በሩን ሊከፍት እየሮጠ መጣ። እጁን ወደ መወርወሪያው ሰደደ፤ መወርወሪያው የለም።

"ማን ወሰደው?" አለ።

አትጠገብ ወደ በሩ ተጠጋች። መወርወሪያው በሷ በኩል ነው። ማቀፊያውም ምስማሩም በሷ በኩል ነው፤ አቧራ ለብሷል፣ ዕድሜ ልኩን እዚያ የኖረ ይመስላል።

"እኔ ጋ ነው" አለች።

"ሳቢው እንጂ!"

ሳበችው። አልነቃነቅ አለ። ይርጋ በትከሻው ገፋ፣ ተሳደበ፣ እሷንም ሰደባት። ከዚያ መጥረቢያ ላምጣ ብሎ ሰው ሊጠራ ሮጠ።

አትጠገብ ሰዓቱን ሳትጠብቅ ደወለች። በሕይወቷ ያለ ሰዓቷ ስትደውል የመጀመሪያዋ ነው።

"ቤዛዊት፣ ዝናቡ አልቆም አለ። ሰብሉ ሊያልቅ ነው። ወንድሜ አገር ለቆ ሊሄድብኝ ነው።"

"እርስዎ ጋ ስንት ነው እትዬ?"

"አንድ ቀን እንኳ ከአጥሩ ውጭስ ብለሽ ጠይቂኝ! አንድ ቀን!"

"አይዞዎት እትዬ አትጠገብ። ሰዓቱ ሲደርስ ይደውሉልኝ፣ እሺ?"

ስልኩን በርጩማው ላይ ወረወረችው። መሬት ላይ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች። እንባዋ ግን መሬት አልነካም፤ አጥሩ ውስጥ ምንም የሚያርስ ነገር አይወድቅም።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል በሩ ተንኳኳ። የይርጋ አንኳኳ አይደለም፤ ቀስ ያለ፣ በብዙ ትንንሽ ጣቶች የሚንኳኳ ነው።

"ቤቶች!" አለ አንድ ድምፅ። የወንድም የሴትም አይደለም።

አትጠገብ ቀና አለች። የዝናቡ ጩኸት ጠፍቷል። በሦስቱ ጎን ያለው የዝናብ ግድግዳ ፈርሶ ማሳው፣ መንገዱ፣ ተራራው በፀሐይ ይታያል። የቀረው በሩ ጋ ያለው ብቻ ነው።

"ማነው?" አለች።

እንደገና ተንኳኳ።

"መጣሁ" አለች። መጀመሪያ ግን ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበርና ሄዳ መለኪያውን አነበበች። ዜሮ ነው። ከዚያ መጥታ መወርወሪያውን ያዘች፤ እንደ ሸንበቆ ቀልሎ ወጣ። በሩን ከፈተችው። ዝናቡ ደፉ ላይ ቆሟል፤ በበሩ ቁመትና ስፋት ልክ ነው፤ ወደ ውስጥ አንዲት ጠብታ አላሻገረም። ቆሞ ይጠብቃል።

እንግዳ እንዲህ ሲቆም የሚባለው አንድ ነገር ነው።

"ይግቡ" አለች።

ደረቁ መሬት ላይ አንድ እርጥብ እግር አረፈ። ቀጥሎ ሌላው። በአጠገቧ ሲያልፍ የቀሚሷ አንድ ጎን በሰበሰ። ወደ መለኪያው ነው የሚሄደው። አትጠገብ መወርወሪያውን ታቅፋ ወጣች፣ በሩን ዘጋች፣ ከኪሷ የድሮውን ጓጉንቸር ቁልፍ አውጥታ ቆለፈችበት።

ይርጋና አያ ደመላሽ መጥረቢያ ይዘው ሲደርሱ ምድሩ በፀሐይ እየተነነ ነበር። ይርጋ ጤፉን አየ፤ ከተኛው መሀል ቀና ያለውን በዓይኑ ለካ።

"ግማሹ ይተርፋል" አለ። "ከግማሽም በላይ።" ከዚያ እህቱን አያት። "አንሄድም እንግዲህ" አለ።

"አትሄዱም" አለች አትጠገብ። ወደ ቤቷ መሄድ ፈለገች። በሯ መወርወሪያ የለውም፤ መጀመሪያ እሱን መቸንከር አለባት።

ያን ጊዜ አጥሩ ውስጥ ስልኩ ጠራ። በርጩማው ላይ ትታው ነው የወጣችው። ሦስቱም ዞር አሉ። ከሽቦው ወዲያ ያለው ሁሉ ጉም ነው፤ ነጩ ሳጥን እንኳ አይታይም። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ከዚያ ተነሣ።

"እትዬ አትጠገብ? ዛሬ ዘገዩብኝ" አለ የቤዛዊት ድምፅ። ድምፁ እንደተከፈተ ነበርና ጥርት ብሎ ይሰማል። "ስንት ነው?"

ጉሙ ውስጥ ውሃ ሲወርድ ተሰማ፤ ረጋ ብሎ፣ ቃል በቃል እንደሚናገር ሰው እየቆመ እየቀጠለ።

"እሺ" አለች ቤዛዊት። "ከአጥሩ ውጭስ?"

አትጠገብ መወርወሪያውን አጥብቃ ያዘች። ውሃው ቆመ። ከዚያ መልሱን ጀመረ፤ ረጅም ነበር፤ ቤዛዊት አላቋረጠችውም።

"መዝግቤያለሁ" አለች በመጨረሻ።